በአዋሽ ፓርክ መካከል የሚያልፍ ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ

በአዲስ አበባ የሚኖር አስመጪ፣ ላኪ ወይም ባለሱቅ ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲነገር በሰማ ጊዜ፣ ጉዳዩ የአራዊት ጠባቂዎችና የአገር ጎብኚዎች እንጂ የእርሱ አይመስለውም። እኔም በነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ለብዙ ዓመት እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን የተቀመጡትን የማጓጓዣ ደረሰኞች ብናገላብጥ፣ ከጂቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ወደ ከተማችን የሚመጣው አብዛኛው ዕቃ በዚህ ፓርክ መካከል የሚያልፍ መሆኑን እንረዳለን። ጨርቁም፣ ብረቱም፣ የምግብ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም መንገዱ በዚያ ነው፤ ወደ ውጭ አገር የምንልከው ቡናም የሚወርደው በዚያው ነው። የአገራችን የውጭ ንግድ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በጂቡቲ ወደብ የሚከናወን እንደመሆኑ መጠን፣ የአዋሽ ምድር ደኅንነት የንግዳችን ደኅንነት ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ለተከበሩ አንባብያን ላቀርበው የምፈልገው አሳብ አንድ ነው። ይኸውም የአዋሽ ፓርክና የአካባቢው መሬት ዛሬ በምን ሥራ ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ካርታ በየጊዜው እየታደሰ ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ ይህንንም ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የንግዱ ኅብረተሰብ እንዲጠይቅ የሚያሳስብ ነው።

አገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ፓርኩ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመተሐራና በአዋሽ ከተሞች መካከል ይገኛል። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ የተመዘገበ ነው። በስተደቡብ የአዋሽ ወንዝና ፏፏቴው፣ በመካከል ኢላላ ሳላ የሚባለው የሣር ሜዳ፣ በስተሰሜን 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራና የፍልውሃ ምንጮች አሉበት። ቀንደ ረጅሙ ሳላ፣ አምበራይሌ፣ አጋዘንና ከርከሮ ይኖሩበታል። ዋናው የመኪና መንገድ ፓርኩን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ሐዲድም፣ በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ሐዲድም በዚያው አገር የተዘረጉ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ የቂርቆስ ሰዎች ለገሃርን ስናስታውስ፣ በዚያ ጣቢያ ይራገፍ የነበረው ሸቀጥ የአዋሽን ድልድይ ተሻግሮ የመጣ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።

የፓርኩ አመሠራረትም ለዛሬው ችግር መነሻ ስለሆነ መታወቅ አለበት። በ1963 ሰር ጁልያን ሀክስሊ የመሩት የዩኔስኮ ቡድን ወደ አገራችን መጥቶ የዱር እንስሳት የሚጠበቁባቸው ቦታዎች እንዲከለሉ ምክር ሰጠ። አዋሽ በ1966 ተቋቋመ፤ በ1969ም በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። በዚያው ዘመን ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ፣ ቀደም ብሎ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ያቆመው ማለት ነው፣ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከፈተ። ስለዚህ ዐሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በአንድ ወንዝ ዳር ሁለት ወሰን ተሰመረ፤ አንዱ ለአገዳ፣ ሁለተኛው ለአራዊት ነው። በሁለቱ መካከል የቀሩት ከብቶቻቸውን ይዘው በበጋ ወደ ወንዙ ይወርዱ የነበሩት ከረዮች፣ ኢቱዎችና አፋሮች ናቸው። ለእነርሱ የወንዙ ዳር በክፉ ቀን የሚከፈት ጎተራቸው ነበረ። ዛሬ ከብት በፓርኩ ሣር ላይ ሲሰማራ አይተን ባለከብቱን ብቻ ስንወቅስ፣ ይህ ታሪክ መዘንጋት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ብንመለከት፣ አገዳው ከ10 ሺሕ ሔክታር በላይ ሸፈነ። መተሐራና አዋሽ ከተማዎች ሆነው ሰፉ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾኻም ዛፍ በአዋሽ ተፋሰስ ሜዳዎች ላይ ተስፋፍቶ ሣሩን አሳጣ። ከሁሉም ይልቅ ለነጋዴ የሚያስደንቀው የበሰቃ ሐይቅ ነገር ነው። ከመተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ሐይቅ በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻ አይበጅም። ሊቃውንት ለማደጉ ምክንያት ናቸው ከሚሏቸው ነገሮች መካከል ከመስኖ እርሻ ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃና የከርሰ ምድሩ ውሃ መጨመር ይገኙባቸዋል። ሐይቁ እያደገ ሲመጣ የመኪናው መንገድና ሐዲዱ በድልድል ከፍ እንዲሉ ግድ ሆነ። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ውሃውን ግራና ቀኝ እያየ ያልፋል። እንግዲህ ይህ ለውጥ የመጣው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በስድሳ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። በየዓመቱ ተለክቶ በካርታ ላይ ቢሰፍርና ነጋዴውም ቢያየው ኖሮ፣ ስለ መንገዱ የሚነሣው ጥያቄ ውሃው አስፋልቱን ሳይነካ በፊት በተነሣ ነበር።

የምድሩ ጠባይም ሌላ ጉዳይ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናወጠች፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ንቅናቄው እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። የተነሣው ሕዝብ የሚሰፍርበት መሬት ያስፈልገዋል፤ ያም መሬት ከየት እንደሚገኝ በካርታ አስቀድሞ ካልታሰበ፣ የሚገኘው ክፍት መስሎ ከሚታየው ከፓርኩ ሜዳ ላይ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሠሪዬ ዕቃ በመንገድ ስለዘገየ ነገሩን እንድከታተል ታዝዤ ወደ አዋሽ ወርጄ ነበር። ጉዳዬን ፈጽሜ በጭነት መኪና ስመለስ፣ ሾፌሩ መተሐራ ሳንደርስ ከመንገድ ዳር አቁሞ ሦስት ጆንያ ከሰል ገዛ። አንዱን ለቤቱ፣ አንዱን ለጋራዥ ወዳጆቹ መደበና ሦስተኛውን፦ «ጸሐፊ፣ ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው፤ ለባለቤትዎ ይውሰዱላቸው» አለኝ። እኔም አመስግኜ ተቀበልሁ። በማግሥቱ የጉዞውን ሒሳብ ሳወራርድ የሦስቱን ጆንያ ዋጋ «ልዩ ልዩ የመንገድ ወጪ» ብዬ በመዝገብ አገባሁት፤ አሠሪዬም ሳይጠይቁ ፈረሙበት። ከሰሉ በተገዛበት ስፍራ፣ ሻጪቱ ልጅ ከተቀመጠችበት ጥላ በስተኋላ፣ ዐይን እስኪደርስ ድረስ የግራር ጉቶ ይታይ ነበር። ሾፌሩን፦ «ይህ ቦታ ፓርክ ነው ወይስ አይደለም?» ብዬ ብጠይቀው፦ «እኔ እንጃ፤ አንዳንዱ ከዚህ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከዚያ ነው ይላል፤ ወሰኑን ያየው ማን ነው?» ብሎ መለሰልኝ።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። በቤታችን ያለው ከሰል ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አውቃለሁ፤ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። በመጋዘን ጠባቂነት የተቀጠረ ሰው ዕቃው ስንት እንደሆነና የመጋዘኑ ግድግዳ የት ላይ እንደሚያበቃ ካልተነገረው፣ ሲጎድል ማንን እንጠይቃለን? ወሰኑ በወረቀት ብቻ ያለ፣ በምድር ላይ ግን ገበሬውም፣ ባለከብቱም፣ ሾፌሩም የማያውቀው ፓርክ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

ካርታው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልግለጥ። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት አውሮፕላን ተከራይቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልግ ነበር፤ ወጪውም ከባድ ነበር። ከ1972 ጀምሮ ግን ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምድርን ከላይ እያነሡ ናቸው፤ ሥዕሎቹም ከ2008 ወዲህ ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሴንቲኔል የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን መሬት እንደ አንድ ነጥብ ለይተው ያሳያሉ፤ ይህም እንዲሁ በነጻ ነው። የካርታ ባለሙያው እያንዳንዱን ነጥብ በቀለሙ እየለየ ይህ ሣር ነው፣ ይህ ቁጥቋጦ፣ ይህ አገዳ፣ ይህ ውሃ፣ ይህ መንደር ነው ብሎ ይመድበዋል። ከዚያም የዛሬውን ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አስተያይቶ ምን ያህል እንደተለወጠና ለውጡ ከየት በኩል እንደሚገፋ ያሳያል።

ሆኖም ሳተላይት ብቻውን አይታመንም። የፈንታሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በቅርብ የተቃጠለ ሣር ከላይ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ልምላሜው የጠና የወንዝ ዳር ሸንበቆም አገዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። በግራር ጥላ ሥር የተኛችውን ላም፣ በሁለት ጎሣዎች መካከል ስለ ውሃ የተደረገውን ውል ሳተላይት አያይም። ስለዚህ ባለሙያው ወርዶ በእግሩ መሄድ፣ ሽማግሌዎችንም መጠየቅ አለበት። ወጪው ያለው እዚህ ላይ እንጂ ሥዕሉ ላይ አይደለም። በአገራችን የካርታ ሥራ ድርጅት ከተቋቋመ ከ1954 ወዲህ የካበተ ልምድ አለ፤ ዛሬም ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይካሄዳል። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም አለ። ዕውቀቱ አልጠፋም ማለት ነው። የጎደለው ውጤቱ በየጊዜው ታድሶ በነጋዴውና በባለከብቱ እጅ መግባቱ ነው።

«ለእኔ ምን ይረባኛል?» የሚል ነጋዴ ቢኖር በቅርቡ ቡና ላኪዎቻችን የደረሰባቸውን ይመልከት። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ወደዚያ የሚገባው ቡና ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት ያልተለቀመ መሆኑ የእርሻው ቦታ በካርታ ነጥብ ተመልክቶ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የሚጸናበት ቀን እየተላለፈ ቢመጣም፣ ላኪው ሁሉ ገበሬ ፍለጋ መሣሪያ ይዞ በየገጠሩ መሯሯጡን አይተናል። ካርታውን አስቀድሞ የያዘ ነጋዴ ገበያውን ይዞ ይቆያል፤ ያልያዘ ግን በመጨረሻው ሰዓት በውድ ይገዛዋል። የዛሬው ጥያቄ በቡና ላይ ነው፤ ነገ በስኳርም ላይ እንደማይመጣ ማረጋገጫ የለንም።

የጎረቤትና የራሳችን ምሳሌም አለን። በኬንያ አዲሱ ሐዲድ በ1946 በተቋቋመው በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በኩል እንዲያልፍ በተወሰነ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም እንስሳት ከሥር እንዲያልፉ 6 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ድልድይ ላይ እንዲያልፍ ተደረገ። በአገራችንም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ የአራዊቱም ማነስ ስለታየ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። እስከዚያው ድረስ ወሰኑ እንደገና ተከልሏል፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች የሆኑ ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦችም ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ወሰንን ዘግይቶ ማስተካከል እንደሚቻል፣ ነገር ግን በዘገየ ቁጥር ዋጋው በድሃ ሰው ቤት ላይ እንደሚወድቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ካርታ የኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ ከረዮች መሬታቸውን ያጡት በካርታ ላይ በተሰመረ መስመር አይደለምን?» ሊባል ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። እኛ የካዛንቺስ ሰዎችም መስመር ምን እንደሆነ እናውቃለን። የሠፈራችን ስም ራሱ በጣልያን ወረራ ዘመን ኢንቺስ የተባለው ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ እንግዲህ ከመነሻው በፕላን የተወለደ ሠፈር ነው። በ2024 ደግሞ ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙ አሮጌ ቤትና ሱቅ ተነሣ። በዚያን ጊዜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያወቀ ባለሱቅ ዕቃውን አራግፎ፣ ዱቤውን ሰብስቦ፣ ለደንበኞቹ አዲሱን አድራሻ ሰጥቶ ወጣ። ዘግይቶ የሰማው ግን ሚዛኑን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለቱም ተነሥተዋል፤ አንደኛው ግን ዛሬም ነጋዴ ነው።

ስለዚህ የሚጎዳው የካርታ መኖር ሳይሆን፣ ካርታው በጥቂት ሰዎች መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ መኖሩ ነው። የአዋሽም ካርታ ባለከብቱ ሳይጠየቅ ከተሠራ፣ የአንዱን ወገን ገቢ መዝግቦ የሌላውን ዕዳ የደበቀ ሒሳብ ይሆናል። የበጋ ግጦሹ፣ የውሃ መውረጃው፣ የከብት መተላለፊያው በካርታው ላይ በስሙ ይጻፍ። ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ውል እንደሚጸና ሁሉ፣ ሁለቱም ወገን ያወቁት ወሰንም ይጸናል።

«አገር ስኳርም፣ መንገድም፣ ሥራም ያስፈልጋታል፤ ሳላና ከርከሮ ምን ያደርጉልናል?» የሚሉም አይታጡም። በበኩሌ እርሻውንና መንገዱን የምቃወም አይደለሁም፤ የመተሐራን ስኳር በየሱቃችን ሸጠን ልጆቻችንን አሳድገናል። ነገር ግን ሜዳው የሣር ልብሱን ሲያጣ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ የሚያመጣው ወደ መንገዱና ወደ መስኖው ቦይ ነው። ግራሩ ሲያልቅ የከሰል ዋጋ የሚጨምረው በእኛው ከተማ ነው። አራዊቱ ሲጠፉ ጎብኚ በካዛንቺስ ሆቴሎች የሚያድርበት አንድ ምክንያት ይቀንሳል። ፓርኩ ወለዱን እየከፈለን የኖረ ዋና ገንዘብ ነው፤ ከወለዱ አልፈን ዋናውን መንካት ስንጀምር ግን የሚያስጠነቅቀን መዝገብ በእጃችን የለም።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችንና ለአባላቱ የሚከተለውን በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ምክር ቤቱ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጽፎ፣ የአዋሽ ፓርክና የአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ካርታ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲታደስና አንድ ቅጂም አባላት በሚያዩት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ይጠይቅ። ለባለሙያዎቹ የመስክ ጉዞ ከአስመጪዎችና ከማጓጓዣ ባለንብረቶች መዋጮ ቢሰበሰብ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ወጪ ከአንድ የመኪና ጎማ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ በዚያ አገር ለእርሻ፣ ለማደያ ወይም ለመጋዘን መሬት የሚጠይቅ አባል ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ካርታውን ይመልከት። በኋላ በክርክር ከሚጠፋ ገንዘብ፣ በፊት በመጠየቅ የሚጠፋ አንድ ቀን ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከማጓጓዣ ሰዎች ጋር በምንዋዋልበት ወረቀት ላይ ሁለት ቃል ይጨመር፤ በፓርኩ ውስጥ በዝግታ እንዲነዱና ከመንገድ ዳር ከሰል እንዳይጭኑ። በመኪና ተመትቶ መንገድ ዳር የተጣለ እንስሳ ለሚያየው ሰው ያሳዝናል፤ ለሾፌሩም ለመኪናውም አደጋ ነው።

አራተኛ፣ ካርታው ሲሠራ የከረዮች፣ የኢቱዎችና የአፋሮች ሽማግሌዎች ተጠርተው ቃላቸው ይጻፍ፤ ይህ ካልሆነ ምክር ቤቱ ገንዘቡን አይስጥ።

እኔ ሹም አይደለሁም፤ የምጽፈው ደብዳቤና ደረሰኝ ነው። ቢሆንም ባለፈው ወር የጉዞ ሒሳብ ሲቀርብልኝ «ልዩ ልዩ የመንገድ ወጪ» የሚለውን መስመር አይቼ ሾፌሩን ጠርቼ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከሰል መሆኑን ነገረኝ። ሒሳቡን ሳልቀበል መለስሁለት፤ ለአሠሪዬም ምክንያቱን አስረዳሁ። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና፦ «ይሁን፤ ግን ሾፌሩ ነገ ወሰኑ የቱ ነው ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የንግድ ምክር ቤታችን መልሱን እንዲያስገኝልን በአክብሮት እለምናለሁ።

አንድ የነጋዴ ጸሐፊ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ